«አባቴ አጥፊ ነው ወይ?» ላለ ተማሪ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት መኖሪያ መጥፋት ምሳሌ ስጠይቅ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጽፉት አማዞንን ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ወደ ቦዬ ረግረግ አመጣሁትና፣ ረግረጉ ለእርሻ እየተጠነፈፈ፣ ለጡብ እየተቆፈረ፣ ዳር ዳሩም ባሕር ዛፍ እየተተከለበት መሆኑን ስናገር አንድ ልጅ ተነሥቶ «መምህር፣ አባቴ እዚያ ነው የሚያርሰው፤ አባቴ አጥፊ ነው ማለት ነው?» አለኝ። መልስ አጥቼ ወደ ሌላ ርዕስ አለፍኩ። ትምህርቱን እንዴት ልቀጥል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጁ ያነሣው የምዕራፉን ዋና ጥያቄ ነውና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዚያው ይጀምሩ። አባቱ የሚያርሱት ቤተሰባቸውን ለማኖር እንደሆነና ይህም ነውር እንደሌለበት በጓደኞቹ ፊት በግልጽ ይንገሩት። ከዚያም ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ የሚለቅ፣ ከከተማው የሚወርደውን ቆሻሻ ውሃ የሚያጣራ፣ ለጉማሬውም ለወፉም ማደሪያ የሆነ ቦታ ስለሆነ፣ ሲጠነፈፍ ይህ ሁሉ አብሮ እንደሚቀንስ ያስረዱት። አንዱን እውነት ለማስተማር ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም። ለቤት ሥራም አባቱን ይጠይቅ፤ እሳቸው ልጅ ሳሉ ውሃው እስከየት ይደርስ ነበር? የትኞቹ ወፎች ይታዩ ነበር? ቀጤማው ከየት ይታጨድ ነበር? የዚያን መሬት ታሪክ ከአራሹ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ አባቱ ወደ ክፍልዎ የሚገቡት በተከሳሽነት ሳይሆን በምስክርነት ይሆናል። ወፎቹንም ሰዎቹ በሚጠሯቸው በአፋን ኦሮሞ ስማቸው ይመዝግቡ።

ከቦዬ ቀጥሎ ወደ ቡናው ይሂዱ፤ ለጅማ ተማሪ ከዚህ የበለጠ መማሪያ ያለ አይመስለኝም። መሬት ሲራቆት መኖሪያ መጥፋቱን ማንም ያያል፤ በቡና ጥላ ሥር የሚደርሰው ለውጥ ግን ከመንገድ ሲያዩት ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ አይታወቅም። አረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ በተፈጥሮው የሚበቅል ተክል ሲሆን፣ ገበሬው የጫካ ቡናውን ምርት ለማሳደግ ቁጥቋጦውንና ሐረጉን እየመነጠረ እንደ ሰሳ፣ ዋንዛና ብርብራ ያሉትን የጥላ ዛፎች ያስቀራል። ከቁጥቋጦው ጋር ግን ትንንሾቹ የዛፍ ችግኞችም ስለሚመነጠሩ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አያገኝም። ይህም ሆኖ ጥላ ያለው ቡና ከበቆሎ ማሳም ከባሕር ዛፍም የበለጠ ሕይወት ይይዛልና ገበሬውን አመስግነው ይናገሩ። ተማሪዎቹ በገመድና በካስማ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ አንዱን ባልተመነጠረ ደን፣ አንዱን በቡና ጥላ ሥር፣ አንዱን በባሕር ዛፍ ውስጥ ከልለው ከጉልበት የማይበልጡትን የአገር በቀል ዛፍ ችግኞች ይቁጠሩ።

ለጉዞ ገንዘብ ካልተገኘ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ስሌት አለ። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ደን 100 ሄክታር ነው። ፀሐይና ነፋስ ከዳር እስከ 100 ሜትር ገብተው ያደርቁታል ብንል፣ ያልተነካው መሐል 64 ሄክታር ይሆናል። ይኸው 100 ሄክታር ተራርቀው ባሉ 4 እኩል ካሬዎች ቢከፈል የእያንዳንዱ መሐል 9፣ በድምሩም 36 ሄክታር ብቻ ነው። የደኑ ስፋት በወረቀት ላይ አልቀነሰም፤ ነገር ግን ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ቅጠል የሚበላው ጉሬዛ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ለመሻገር መሬት መውረድ ግድ ሆኖበታል።

ወደ ቦዬ የሚሄዱ ከሆነ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ ፀሐይ ከወጣች ቆየት ብለው፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂዱ፤ ተማሪም ወደ ውሃው ዳር አይጠጋ። ወፎች የሚቆጠሩት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በየወሩ ይሁን፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ከመስከረም ወዲህ ስለሚታዩ የአንድ ቀን ቁጥር ያሳስታል። መዝገቡንም ለከርሞ ተማሪዎች ያስረክቡ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የዚያ ልጅ አባት የነገሩት ይጻፍ።