ጭሱን ጋጋሪዋ ታውቀዋለች

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ከጓደኞችሽ ጋር ስለ ከተማው አየር ብክለት፣ ነዋሪውን አሳትፋችሁ የመመረቂያ ጥናት ልትሠሩ አስባችኋል። ቤተሰብ ግን «ጭስ አጥንተሽ ማን ይቀጥርሻል?» እያለ ነው። ቀለል ያለ ርዕስ ይዤ ልገላገል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አትተይው። ግን አሠራሩ ላይ እንነጋገር።

እኔም ስመረቅ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። አረቄ የሚያወጡ አንዲት እናት ከእሳቱ ዳር ተነስተው፣ ቡና አፍልተው ግማሽ ቀን አጫወቱኝ። ወረቀቴን ሞልቼ ሄድኩ። ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ያ ወረቀት ምን አለ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጠይቁን ከማዘጋጀታችሁ በፊት ሂዱና አዳምጡ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውን፣ በቆሎ የምትጠብሰውን፣ የባጃጅ ሹፌሩን። ጭሱ መቼ እንደሚብስ፣ የቱ ጋ እንደሚተኛ ያውቃሉ። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ መሬት ይዞ እንደሚቆይ ይነግሯችኋል። እናንተ ደግሞ ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ የታችኛው አየር ከላይኛው ይበርዳል፣ ጭሱም ሽቅብ መውጫ ያጣል። መለኪያው የት ይቀመጥ የሚለው ከዚህ ጨዋታ ይወጣል።

መለኪያ ካነሳሁ አይቀር፣ ርካሾቹ መሣሪያዎች ጭሱ ውስጥ ያለውን ብናኝ የሚገምቱት ብርሃን አብርተው፣ ብናኙ ምን ያህል እንደሚበትነው በማየት ነው። የጎጃምን ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ። አየሩ ሲረጥብ ብናኙ ውኃ ይዞ ያብጣል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ከተቻለ በበጋ ለኩ። ከተፈተሸ መሣሪያ ጎን አስቀምጣችሁ ሳታስተያዩ አትመኑት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ይህን በራስሽ አንደበት ማስረዳት ከቻልሽ፣ ጠያቂው ሥራውን በእጅሽ እንደሠራሽው ይገባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቁ ብናኝ፣ ከ2.5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ለማይበልጠው ማለት ነው፣ የሚመክረውን የዓመት አማካይ ጣሪያ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ዝቅ አድርጓል። ይህን ለጤና ጽሕፈት ቤት ጻፊው። ለጋጋሪዋ ግን ብናኙ ከፀጉር 20 ጊዜ ያህል እንደሚቀጥንና ሳንባ ጥግ ድረስ እንደሚወርድ ንገሪያት። አንዱን ውጤት ለሁለት ሰው በሁለት ቋንቋ መናገር ትልቅ ሙያ ነው። «መጋገር አቁሚ» ግን እንዳትያት። እንጀራዋ ነው። ስለ መስኮት፣ ስለ ጭስ ማውጫ፣ ስለ ደረቅ እንጨት አብራችሁ አስቡ።

ሥራውን በተመለከተ አልዋሽሽም። «የአየር ብክለት ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ጎጃም ውስጥ በየሳምንቱ አትጠብቂ። ጤና ቢሮ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ማስተርስ፤ በሩ በዚያ በኩል ነው። ሲቪሽ ላይ «በጥናት ተሳትፌያለሁ» ብለሽ አትለፊው። ስንት ቤት እንደገባሽ፣ ስንት ቀን እንደለካሽ፣ መረጃውን በምን እንዳጠራሽ ጻፊ።

ሰው የሚሳተፍበት ጥናት የሚያስፈልገውን የሥነ ምግባር ፈቃድ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ፤ ጊዜ ይበላል። ውጤቱን ለነዋሪው የምትመልሱበትንም ቀን ከአሁኑ ቁረጡ። እድሩ የሚሰበሰብበት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሰዉ በአንድ ቦታ ይገኛል።