«ገንቦዎቹ ደረቁብኝ» እና ሌሎች የኔፔንቲስ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው፣ አያት አካባቢ ነው የምኖረው። ክረምት ላይ ኔፔንቲስ ቬንትራታ የሚባለውን ነፍሳት የሚበላ ተክል በስጦታ አገኘሁ፣ ያኔ ከየቅጠሉ ጫፍ ቀላ ያለ ገንቦ ተንጠልጥሎበት ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ያነሳው ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ገንቦዎቹ ከአፋቸው ጀምረው ደረቁ፣ አዲስ ቅጠል ቢያወጣም ጫፉ ላይ ክር ብቻ ነው። ምግብ አንሶት ነው ሲሉኝ ፍግ ጨመርኩበት፣ ጥሬ ሥጋም ገንቦው ውስጥ ከተትኩለት፣ ጭራሽ ባሰበት። ብርዱ ይሆን እንዴ? ሂተር ልግዛለት?

መልስ፦ ኧረ ሂተሩን ተይው እህቴ፣ ብርሽን አታባክኚ! ትሮፒካል ሲባል ሁላችንም ቆላ ነው የሚመስለን፣ ግን ኔፔንቲስ ከ160 በላይ ዝርያ አለው፣ አብዛኛው ደግሞ የእስያዎቹ ደሴቶች የቦርኒዮ፣ የሱማትራና የፊሊፒንስ ተራሮች ላይ ከ1000 ሜትር በላይ የሚበቅል፣ ቀን 20 ምናምን ሌሊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሚስማማው ነው። አዲስ አበባ ማለት ናት እኮ! አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አብቃዮች ይሄን የሌሊት ብርድ ለማግኘት ማቀዝቀዣ ገጥመው መብራት ይከፍሉበታል። ያንቺው ቬንትራታ ደሞ የሁለት የፊሊፒንስ ዝርያዎች ድቅል ነው፣ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ ቻይ የለም።

የጎደለው እርጥበት ነው፣ በጋ ሲገባ አየራችን ከንፈር ያደርቅ የለ። ክሩን ቀረብ ብለሽ እይው፣ ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል እብጠት አለች፣ እሷ ናት ቀና ብላ እየተነፋች ገንቦ የምትሆነው፣ ክዳኗም የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው፣ አየሩ ከደረቀ ወይ ብርሃን ካነሳት ግን እዛው ጠቁራ ትቀራለች። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ በስስ መጋረጃ የሚገባበት መስኮት ጋ አድርጊው፣ በጋው እስኪያልፍ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ከላይ ጣል አድርጊለት፣ ዝናብ ሲጀምር ቀስ በቀስ ትገልጪዋለሽ። ያረጀ ገንቦ መድረቁ ግን ወጉ ነው፣ ቡናማውን ብቻ ቁረጪ፣ አረንጓዴው ክፍል ገና እየሰራ ነው።

ፍጉ ነው ያናደደኝ፣ አንቺ ሳትሆኚ መካሪሽ። ይሄ ተክል ነፍሳት መብላት የጀመረው እኮ አፈሩ ድሃ ስለሆነበት ነው፣ ሥሩ ፍግ ሲያገኝ ይቃጠላል። ዛሬ ነገ ሳትይ አውጪውና ሥሩን አለቅልቀሽ ስፋግነም ሞስ (ረግረግ ላይ የሚበቅል የደረቀ ሽበት) ከፐርላይት (ነጭ ቀላል የጠጠር ፍርፋሪ) ጋር ቀላቅለሽ ትከይው፣ ስፋግነም ከጠፋ ጨዉ እስኪወጣ ደጋግሞ የታጠበ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ከታጠበ ቀይ አሽ ጋር ይሆናል። ሥጋውን ደግሞ በመቆንጠጫ አውጪ፣ ውስጡ ይበሰብሳል። አልፎ አልፎ ዝንብ ወይ ጉንዳን ከገባለት በቂው ነው፣ ራሱም ያጠምዳል።

ውሃስ? የቧንቧም የማዕድንም ውሃ ይቅር። የክረምት ዝናብ አጠራቅሚ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ይለፍና ከዛ በኋላ ያለውን። ካለቀብሽ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ይሆናል፣ ብቻ አደራ አሲዱን እንዳይሰጡሽ! አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ዕቃው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይዋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ትልቁን ኔፔንቲስ ራጃን ማሳደግ ፈልጌ ነበር፣ ኦንላይን ዘሩን በርካሽ አየሁ፣ ልዘዘው?

መልስ፦ ወንድሜ እንዳትነካው። የኔፔንቲስ ዘር እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ ትኩስ ካልሆነ ቶሎ አቅሙን ያጣል፣ በርካሽ በፖስታ የሚመጣልህ ብዙ ጊዜ የሌላ ነገር ዘር ነው። ራጃ ደግሞ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ አንደኛ መዝገብ ላይ ያለ ነው፣ ከዱር የተነቀለውን መነገድ ክልክል ነው። ቢገኝልህም ብርድ ይፈልጋል፣ በኤሲ እንዳትል ኤሲ አየሩን ያደርቅብሃል። ያንተ አገር ለቆላዎቹ ነው የሚመቸው፣ አምፑላሪያ ወይ ራፍሌዚያና ከሚባሉት ዝርያዎች አንዱን ከነፈቃዱ ከሚሸጥ ችግኝ ቤት ግዛና በመስታወት ሳጥን ውስጥ በኤልኢዲ አሳድገው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ማሌዥያ ልሄድ ነው፣ ዕድሜዬም ገፋ ስላለ ብዙ መውጣት መውረድ አልችልም። በዱር የት ላየው እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት፣ ቀናሁብዎት! ጊዜ ካጠረዎት ከኳላ ላምፑር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬደው ጌንቲንግ ሃይላንድስ አለ፣ ጉሙ መሃል ማክፋርላኔይና ሳንጉዊኒያ የሚባሉት ዝርያዎች ይገኙበታል፣ ጃኬት ይያዙ። ወደ ቦርኒዮ መሻገር ከቻሉ ደግሞ ከኩቺንግ ከተማ ተነስተው ባኮ ብሔራዊ ፓርክ በጀልባ ይደርሳሉ፣ ሊንታንግ በሚባለው መንገድ ላይ ብዙ ዓይነት ያያሉ፣ ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። እዛ አምፑላሪያን ካገኙ ቁጭ ብለው ይዩት፣ ገንቦዎቹ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ተያይዘው ክዳናቸውን ወደ ኋላ ጥለው ከዛፍ የሚረግፈውን ቅጠል ይቀበላሉ፣ ሥጋ በል ሲባል ቅጠል በልም ሆኖ አረፈው።

ትልቁን ራጃን ለማየት የግድ ቦርኒዮ ላይ ባለችው የማሌዥያ ግዛት ሳባህ፣ ኪናባሉ ተራራ አካባቢ ነው፣ ሌላ ቦታ አይበቅልም። ትልቁ ገንቦው ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል፣ ግን የሚያስቀው ሌላ ነው፣ ትሪ ሽሩ የሚባል አይጥ የሚመስል እንስሳ አፉ ላይ ተፈናጦ ከክዳኑ ሥር ያለውን ጣፋጭ ይልስና እዛው ይጸዳዳበታል፣ ተክሉም ናይትሮጅኑን ከሱ ያገኛል። እንግዲህ ጣት ከመክተትዎ በፊት ይሄን ያስቡ። ለርስዎ ግን ዳገቱን ስለማልመክር ጌንቲንግና ባኮ ይበቃሉ፣ ባኮ ሲሄዱ የጀልባውን የመመለሻ ሰዓት ጠዋቱኑ ይጠይቁ፣ ባሕሩ ሲጎድል ጀልባው እንደልብ አይንቀሳቀስም።