የካባው አንገት በምን ይያያዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ እሰፋለሁ፤ ማታና እሑድ ደግሞ ለሰፈራችን የቲያትር ክበብ ልብስ እሠራለሁ። ለየካቲት 23 የዓድዋን ድል ልናሳይ ነው። ሁለት ካባ፣ ስምንት እጀ ጠባብ ከነሱሪው፣ አራት የጣሊያን መኮንን ኮት ይጠብቀኛል። ልጆቹ ከመጋረጃ ጀርባ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩ ሁሉንም በዚፕና በቬልክሮ (ተጣብቆ፣ ሲሳብ በሚላቀቀው ማያያዣ) ልጨርሰው አልኩ። አዘጋጃችን ግን «በምኒልክ ጊዜ ዚፕ ከየት መጣ?» ብሎ ተቆጣኝ። ደግሞ አንዱን ካባ ስንሞክረው ወደ ኋላ እየተጎተተ የልጁን ጉሮሮ አነቀው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አዘጋጁ እውነቱን ነው። ዓድዋ 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1896። ዛሬ የምናውቀውን ዚፕ ጌዲዮን ሰንድባክ የሠራው በ1913 ነው፤ ከጦርነቱ 17 ዓመት በኋላ። ቬልክሮማ ጭራሽ የቅርብ ነው። የስዊሱ ጆርጅ ደ ሜስትራል የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1955 ነው።

ከዓመተ ምሕረቱ በፊት ግን ሌላ ነገር ጠይቂ። ሰውየው ይህን ልብስ እንዴት ነው የሚለብሰው? የድሮ ልብሳችን አብዛኛው መዝጊያ አይፈልግም። እጀ ጠባቡ በራስ ይጠለቃል። ኩታው ይደረባል። ወገብ ይታሰራል። ስለዚህ ስምንቱ እጀ ጠባብ ላይ ምንም አትጨምሪ። አንገቱን ጭንቅላት በደንብ እንዲያስገባ አድርገሽ ክፈችው፣ በቃ። ለሱሪው ወገቡ ላይ ጥብጣብ አሳልፊበት። አንዱ ልጅ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ቢሆን እንኳ ለሁሉም ይሆናል። ይኸው ግማሹ ሥራሽ ቀለለ።

ቬልክሮን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ቲያትር ካባ ሰፋሁ። ጊዜ ስላጠረኝ አንገቱን በቬልክሮ አያያዝኩት። የሐዘን ትዕይንት ነበር፤ አዳራሹ ጭጭ ብሏል። ተዋናዩ የልጁን ሞት ሰምቶ ካባውን ከላዩ ሊጥል አንገቱን ሲስበው «ጭርርር» የሚል ድምፅ ወጣ። ሕዝቡ ሳቀ። ያ ልጅ ያን ትዕይንት ሳምንታት ሲለማመደው ነበር። ዓይኑ እንባ ሲያቀር አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ቬልክሮ መድረክ የሚወጣ ልብሴ ላይ ደርሶ አያውቅም።

አሁን ወደ ካባው። ከፋይ ከባድ ጨርቅ ነው። ገበርና የወርቅ ክር ጥልፍ ሲጨመርበት ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጀርባ ይሄዳል። አንገቱ ላይ ያለችው አንዲት መያዣ ብቻዋን ያን ሁሉ ልትሸከም አትችልም። ልጁን ያነቀው ይኸው ነው። ክብደቱን ወደ ትከሻ አዙሪው። ከውስጥ በኩል ገበሩ ላይ፣ በሁለቱም ትከሻ ሰፋ ያለ ጥብጣብ ስፊ። ጥብጣቡ በፊት ወርዶ በብብት ሥር ያልፍና ጀርባ ላይ፣ ካባው ሥር ይታሰራል። ልክ እንደ ተማሪ የጀርባ ቦርሳ ማለት ነው። ጥብጣቡ የእጀ ጠባቡ ዓይነት ነጭ ይሁን፣ ከሩቅ አይለይም። ጀርባ ላይ ራሱን ማሰር ስለማይችል ጓደኛው ይሰርለት።

አንገቱ ላይ ትልቅ መንጠቆ አድርጊ፤ እዚያ ፋብሪካ ጋንቾ የምትሉትን ማለቴ ነው። ከጫፉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ሲያያዝ ብረቱ እንዳይታይ። ከፋዩንና ገበሩን ብቻ ይዘሽ ከሰፋሽው በሁለት ትርኢት ይቀደዳል። ከሥሩ የአቡጀዲ ቁራጭ አድርጊለት። ክሩን ድርብ አድርጊና ጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቢው። ሰሙ ክሩን ያጠነክረዋል፣ አይወሳሰብምም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ጧፍ አይጠፋም። አንገቱ ሰፊ ሆኖ ሁለት መንጠቆ ካስፈለገ አንዱን በቀኝ፣ ሁለተኛውን በግራ በኩል ስፊው። እያፈራረቅሽ ስትሰፊው ልጁ ሲንቀሳቀስ በራሱ አይላቀቅም። ከላይ ደግሞ ወርቃማ ቁልፍ ለጌጥ ብታኖሪበት ያምራል።

የመኮንኖቹ ኮት ላይ ፍጥነት ያስፈልግሻል፣ ልክ ነሽ። ነሐስ የሚመስሉትን ቁልፎች ከላይ ስፊና ከሥራቸው ቀጭ የሚለውን ባለሁለት ክፍል የብረት ቁልፍ አድርጊ። እሱ እንኳ በፈረንጆቹ 1885 ጀርመን አገር የተመዘገበ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ የሚቆጣበት ምክንያት የለም። የላይኛውን ቁልፍ ስትሰፊ ከቁልፉ በላይ የክብሪት እንጨት አጋድሚበት፣ በእንጨቱ ላይ ስፊ። ከዚያ እንጨቱን አውጪና ቁልፉን ወደ ላይ ሳቢው፤ ከሥሩ የተረፈውን ክር አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሚው። ቁልፉ አንገት ያወጣል። ወፍራም ኮት ላይ ተለጥፎ የተኛ ቁልፍ ወዲያው የዛሬ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ይኼ ግን ቀና ብሎ ይቆማል። ፋብሪካ ቁልፍ በማሽን መትከል ስለለመድሽ የመጀመሪያዎቹ ያደክሙሻል። አራተኛው ላይ እጅሽ ይፈታል።

ለክፉ ቀን መርፌ ቁልፍ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። እሱም ከ1849 ጀምሮ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የእናቴን የድሮ ቀሚስ አስመስዬ ለልጄ ሠርግ በሽማኔ ጨርቅ ላሰፋ ነው። ልብስ ሰፊው ጀርባው ላይ ዚፕ ይሁን አለኝ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትዎ ቀሚስ ሰፊ ሆኖ በራስ የሚጠለቅ ነበር፤ ቅርጽ የሚሰጠው መቀነቱ ነው። እንደዚያው ቢያሰፉት ደስ ይለኛል። ወገቡ ጠበብ ይበል ካሉ ደግሞ ዚፑ በጎን፣ በብብት ሥር ይሁን። ጀርባ ላይ ከሆነ ጥለቱን ለሁለት ይከፍለዋል።

የሽማኔ ጨርቅ ድሩ የላላ ነው። ዚፕ በቀጥታ ሲሰፋበት ጨርቁ ይሳባል፣ ዚፑም እንደ ማዕበል ይጥመለመላል። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ በቁመቱ ያስደርጉበትና በእጅ ይሰፋ። የቁልፍ ቀዳዳ ግን አያስቀድዱበት፣ ይተረተራል። ጫፉ ላይ መንጠቆ ካስፈለገ ማግኔት ያስነኩት። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ ሽፋኑ ሲላጥ ነጩ ላይ ዝገት ይተዋል። ነሐሱን ይምረጡ።

ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ፣ በመጀመሪያው ውኃ ይሰበሰባልና። የዚፑን ርዝመት ከዚያ በኋላ ለክተው ይግዙ።