የራሳችሁን የክሪኬት ዱላ ልትገዙ ነው? ጥያቄና መልስ

እንግሊዝ አገር በአንድ ትንሽ ክለብ ክሪኬት ስጫወት ብዙ ዓመት ሆነኝ። አዲስ የሚገቡ ልጆች ዱላ ሲገዙ አብሬያቸው ሱቅ የምሄደውም እኔ ነኝ። በመካከለኛ ዋጋ የቱን እንግዛ ብላችሁ ከየአገሩ የጠየቃችሁኝን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም። ክለብ ውስጥ ሁላችንም «ባት» ነው የምንለው፤ ሲጻፍ ግን ከእግር ባት ጋር ይምታታል። ስለዚህ ዱላ እላለሁ።

ጋሼ፣ ዘንድሮ ክለብ ገባሁ። እስካሁን በክለቡ ዱላ ነው የምመታው። የራሴን ለመግዛት ስንት ልያዝ? (ሊድስ)

ከ150 እስከ 300 ፓውንድ ያዝ። በዚህ ዋጋ ከጥሩ የእንግሊዝ አኻያ እንጨት የተሠራ ዱላ ታገኛለህ። ከዚያ ሲያልፍ በአብዛኛው የምትከፍለው ለእንጨቱ መልክ ነው። ግን ሁሉንም ዱላው ላይ አትጨርሰው። የእንጨት መዶሻ፣ የተልባ ዘይት፣ ለታችኛው ጫፍ መከላከያ ጎማና ለፊቱ፣ ማለትም ኳስ ለሚመታው ጎን፣ የሚለጠፍ ስስ ላስቲክ ያስፈልጉሃል።

ደረጃ 1፣ 2፣ 3 የሚሉት ምንድን ነው? ደረጃ 1 ካልገዛሁ ይቆጨኝ ይሆን? (ለንደን)

አኻያን እናውቀዋለን። በመዝሙረ ዳዊት፣ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ መሰንቆ የተሰቀለበት ዛፍ ነው። ለክሪኬት የሚሆነው ነጭ አኻያ የሚባለው ወገን ሲሆን፣ ኤሴክስና ሰፎክን በመሳሰሉ የምሥራቅ እንግሊዝ አውራጃዎች በብዛት ይተከላል። ከ15 እስከ 20 ዓመት ገደማ አድጎ ይቆረጣል፣ ይፈለጣል፣ ይደርቃል። ከዚያ ባለሙያ በዓይኑ አይቶ ደረጃ ያወጣለታል።

«በዓይኑ» የምትለዋን ልብ በሉ። ደረጃው ሲወጣ ዱላው ገና አልተሠራም። ኳስ የመታበት ሰው የለም። ደረጃ 1 ማለት የእንጨቱ መስመሮች ቀጥ ያሉ፣ ፊቱ ነጭና ንጹሕ ነው ማለት ነው። ደረጃ 2 እና 3 ላይ መስመሩ ጠመም ሊል ይችላል። በአንድ ጎን ቡናማ ቀለም ወይም እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተበተነ ነጠብጣብ ልታዩ ትችላላችሁ። ይህ አመታቱን አይጎዳውም። ደረጃ 3 ሆኖ ደረጃ 1ን የሚያስንቅ ዱላ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ደረጃ 4 ግን ብዙ ጊዜ በኬሚካል የነጣ ወይም ፊቱ የተሸፈነ ስለሆነ እንጨቱን ማየት አትችሉም። እኔ አልገዛውም።

መስመሮቹ የዛፉን ዕድሜ ይቆጥራሉ፤ አንዱ መስመር አንድ ዓመት ነው። ብዙ መስመር ያለው ቶሎ ይከፈታል፣ ማለትም ገና ከመጀመሪያው ኳሱን በደንብ ያወጣል። ግን ቶሎ ያረጃል። 6 ወይም 7 መስመር ያለው ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚጫወት ሰው ይኼኛው ይሻላል። የማትደራደሩበት አንድ ነገር ቢኖር ኳስ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለ ጉጥ ነው። እሱን ተዉት።

ስለ ዱላ ሠሪው ስምም አትጨነቁ። ኤሴክስ ውስጥ ግሬት ሊይስ በሚባል መንደር ከ1894 ጀምሮ የሚሠራ ጄ. ኤስ. ራይት የሚባል ድርጅት አለ። ብዙ የታወቁ ዱላ ሠሪዎች እንጨታቸውን የሚገዙት ከእሱ ነው።

ክብደቱስ? ሱቁ ውስጥ 2 ፓውንድ ከ8 አውንስ፣ 2 ፓውንድ ከ12 አውንስ ይላሉ። ከባዱ አርቆ አይመታም? (ማንቸስተር)

ከሁሉ ደስ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና።

ታዋቂው የሕንድ መቺ ቴንዱልካር ከ3 ፓውንድ በላይ በሚመዝን ዱላ ይመታ ነበር። አውስትራሊያዊው ብራድማን ደግሞ 2 ፓውንድ ከ2 አውንስ ገደማ በሆነ ቀላል ዱላ ነበር የሚጫወተው፤ ቴስት በሚባለው በአገሮች መካከል በሚደረገው ረጅም ጨዋታ አንዴ እስኪወጣ በአማካይ 99.94 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ለአብዛኞቻችን ከ2 ፓውንድ ከ7 እስከ 2 ፓውንድ ከ10 አውንስ፣ በኪሎ ከ1.1 እስከ 1.2 ገደማ ይበቃል።

ዋናው ሚዛኑ ነው። ትንሽም ቢሆን የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ዱላዎች አንዱ እጅህን ይጎትተዋል፣ ሌላው አብሮህ ይሄዳል። ሱቅ ስትገባ እንዲህ አድርግ። ዱላውን በላይኛው እጅህ ብቻ ያዝ። ቀኝ መቺ ከሆንክ ግራህ ነው። ቀስ ብለህ ወደ ኋላ አንሣው፣ ከዚያ ቀጥ ባለ መስመር ወደ ፊት አምጣው። 10 ጊዜ ድገመው። አንጓህ ከተንቀጠቀጠ ወይም ጫፉ ወደ ጎን ከሸሸ አይሆንህም። ጓንትህን ይዘህ ሂድ፤ በባዶ እጅ ሌላ ነው የሚመስለው።

ሌላው የዱላው ልብ፣ ማለትም ከሁሉ ወፈር ብሎ ኳሱን የሚያወጣው ቦታ ነው። እንግሊዝ አገር የክለብ ፒች፣ ማለትም ኳሱ የሚነጥርበት የሜዳው መሃል፣ ብዙ ጊዜ ዝግ ያለ ነው፣ ኳሱም ዝቅ ብሎ ይመጣል። ልቡ ከመሃል ወደ ታች ያዘነበለ ዱላ ይመቻል።

ጠርዙ በጣም ወፍራም የሆነ አይቼ ወደድኩት። ልውሰደው? (ለንደን)

ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ሕጉ ገደብ አለው። ጠርዙ ከ4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ6.7፣ ስፋቱ ከ10.8 መብለጥ የለበትም። በዚያ ላይ ወፍራም ሆኖ ቀላል የሆነ ዱላ ከፈለግህ እንጨቱ በጣም የደረቀ መሆን አለበት። በጣም የደረቀ ደግሞ ቶሎ ይሰነጠቃል። ባለሙያ ተጫዋች ሲሰበርበት ሌላ ይሰጠዋል። አንተ ግን ከኪስህ ነው።

በክለባችን የሴቶች ቡድን ጀመርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። የትኛውን መጠን ልያዝ? (በርሚንግሃም)

እኅቴ፣ ሃሮው የሚባለውን መጠን መጀመሪያ ሞክሪ። ከአዋቂው ትንሽ ያጥራል፣ ይቀላልም። የሴቶች ኳስ ከ140 እስከ 151 ግራም ነው፤ የወንዶቹ ከ156 እስከ 163 ገደማ። ስለዚህ ከባድ እንጨት የሚያስፈልግሽ ምክንያት የለም። ሻጩ «ትለምጂዋለሽ» ቢልሽ አትስሚው።

እዚህ በዕረፍት ቀናችን ከፓኪስታንና ከሕንድ ልጆች ጋር በቴፕ በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ እንጫወታለን። የትኛውን ዱላ ልግዛ? (ዱባይ)

እንግሊዝ አኻያ ላይ ገንዘብህን አታፍስስ። የካሽሚር አኻያ ይበቃሃል። ጠንከርና ከበድ ይላል፣ ዋጋውም በጣም ያንሳል። ወደ ቆዳ ኳስ ስትሻገር ያኔ እንነጋገራለን።

ከሕንድ ከመጡት አይሁዶች፣ ከቤኔ እስራኤል ልጆች ጋር ነው ክሪኬት የለመድኩት። የምንጫወተው ምንጣፍ በተነጠፈበት ፒች ነው። ለዚህ የትኛው ዱላ ይሻላል? (ቤርሳቤህ)

ከጥሩ ሰዎች ነው የተማርከው፤ የእስራኤልን ክሪኬት ተሸክመው ከቆዩት እነሱ አሉበት። ምንጣፍ ላይ ኳሱ ከፍ ብሎ ይነሣል። ልቡ መሃል ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ዱላ ምረጥ። ምንጣፍ የታችኛውን ጫፍ ስለሚበላው ጎማውን ሳታስለጥፍ አንድ ቀን እንኳ አትጫወት።

አዲስ ዱላ በመዶሻ ይቀጠቀጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? «ለጨዋታ ዝግጁ» የሚል ተለጥፎበትስ? (ሊድስ)

እውነት ነው። የመጀመሪያ ዱላዬን በገዛሁ ሳምንት ሜዳ ይዤው ገባሁ። የሸጠልኝ ሰው ስለ ቅጥቀጣ አንድ ቃል አልነገረኝም። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አንድ ኳስ ታችኛው ጫፍ ላይ መታኝና እንጨቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዛሬም ያሳዝነኛል።

አኻያ ለስላሳ እንጨት ነው። የቆዳ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ፊቱ ታምቆ መጠንከር አለበት። መጀመሪያ ጥሬ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባው። ፊቱን፣ ጠርዙንና ታችኛውን ጫፍ ብቻ። እጀታው የገባበት መጋጠሚያ ላይ አታስነካ፤ ሙጫው ይላቀቃል። አጋድመህ አንድ ቀን አሳድረው፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ድገመው። ዘይት ማብዛት ዱላውን ያከብደዋል፣ ያደነዝዘዋልም። የቀባህበትን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለህ አትጣል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲታጠፍ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ከዚያ መዶሻውን አንሣ። በቀስታ ጀምር፣ ቀስ በቀስ ኃይል ጨምር። ጠርዙን ፊት ለፊት አትምታው፤ በሰያፍ እየመታህ ክብ እንዲል አድርገው። በጠቅላላው 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአንድ ቀን አይደለም፤ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት። ጎረቤት ካለህ አስቀድመህ ንገረው፤ ድምፁ ግድግዳ ያልፋል። በመጨረሻ በአሮጌ ኳስ መለማመጃ መረብ ውስጥ ቀስ ብለህ ሞክረው። ኳሱ የስፌት ምልክት ከተወበት ወደ መዶሻው ተመለስ። «ዝግጁ» የሚለው ቢለጠፍበትም ቢያንስ 2 ሰዓት ስጠው።

የጨዋታው ወቅት ሲያልቅ የብርዱን ወራት የት ላስቀምጠው? (ማንቸስተር)

ከማሞቂያው አርቀው። የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥም አትተወው። እርጥብ ሜዳ ላይ ከተጫወትክ መጀመሪያ ታችኛውን ጫፍ በደንብ ጥረገውና አድርቀው፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አስቀምጠው። በመጋቢት አውጥተህ ጠርዙን በጣትህ ዳብሰው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካገኘህ በሙጫና በማሰሪያ ክር ይዳናል፤ ሠሪ ጋ ውሰደው።