ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝኛ የቡጢና የጥይት ፈሊጥ ለቼክ ተማሪ

ፕራግ ውስጥ ለቼኮች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከእናንተም እዚሁ አገር የምታስተምሩ፣ ቼክ ያገባችሁ አላችሁ። ስለ ድብድብ የሚያወሩትን የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ ልበል፤ ፈሊጥ እንዳለ ይያዛል እንጂ ብልት በብልት አይገነጠልም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

የብርኖዋ፦ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ባለቤቴ ለፈተና ሲወጣ «ብሬክ ኤ ሌግ» አልኩት። ስቆ «ዝሎም ቫዝ» አለኝ። አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ ናቸው። እንግሊዙ እግርህን ስበር ይላል፣ ቼኩ ብሶበት አንገትህን ስበር ይላል። ሁለቱም ይቅናህ ነው። እንግሊዝኛው በተለይ መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው ነው።

ዳዊት፦ ቼክ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ «ዘ» ላይ። ቼክኛ «ዘ» እና «ኤ» የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ተማሪው «ኪክ ዘ በኬት» ሲባል የሰማውን «ኪክ ኤ በኬት» ብሎ ይመልሰዋል። ሰውዬው ሞተ ለማለት ፈልጎ ባልዲ ረገጠ አለ ማለት ነው። የራሳቸው ሟች ደግሞ የቤት ጫማውን ነው የሚዘረጋው፤ ባልዲ አያውቁም።

ሁለተኛው፣ ከግሱ ኋላ የምትመጣዋ ትንሽ ቃል ናት። «ኖክ አውት» መዘረር ነው። «ኖክ አፕ» ግን አሜሪካ ውስጥ ማስረገዝ ነው፤ በድሮው የእንግሊዝ አነጋገር በር አንኳኩቶ መቀስቀስ። ከአሮጌ መጽሐፍ የተማረ ሰው አሜሪካ ሆቴል ገብቶ «ጠዋት ቀስቅሱኝ» ቢል ምን እንደሚሆን አስቡት። እንዳለ ያዙት ያልኩት ለዚህ ነው።

ያሬድ፦ «ባይት ዘ ቡሌት» በቼክኛስ?

መልስ፦ እንግሊዙ ጥይት ንከስ ይላል፤ የማይወደውን ነገር ችሎ መጋፈጥ ነው። በቼክኛ ኮምጣጣ ፖም መንከስ። «ኮውስኖውት ዶ ኪሴሌሆ ያብልካ» ይላሉ። እኛ ጥርሳችንን እንነክሳለን።

እንግዳ፦ ጠቅለል አድርገው ስለ ፈሊጥ ቢያስረዱን።

መልስ፦ ጠቅላላ ጥያቄ አልመልስም። አንድ ፈሊጥ ይዘህ ና።

ዳዊት፦ የጠመንጃዎቹስ? «ፍላሽ ኢን ዘ ፓን» ተማሪዎቼን ግራ ያጋባቸዋል፤ መጥበሻ ይመስላቸዋል።

መልስ፦ አሁን መጣህ! መጥበሻ አይደለም። በድሮው የባልጩት ጠመንጃ ጎን ላይ ትንሽ የባሩድ መያዣ አለች፤ «ፓን» እሷ ናት። ባልጩቱ ብረት ሲመታ እዚያ ያለው ባሩድ ይቀጣጠላል፣ እሳቱ በቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያነሳል። አንዳንዴ ግን ላይ ላዩን ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ጥይቱ አይወጣም። ስለዚህ አንዴ ቦግ ብሎ ለጠፋ ዘፋኝ ወይም ተጫዋች ይባላል።

«ሎክ፣ ስቶክ ኤንድ ባረል»ም የዚያው ዘመን ነው፦ መተኮሻው፣ ሰደፉ፣ አፈሙዙ። ጠመንጃው ሙሉ በሙሉ፣ ማለትም አንድም ሳይቀር። «ጎ ኦፍ ሃፍ ኮክድ» ደግሞ መዶሻው ግማሽ ተስቦ እያለ መባረቅ ነው፤ ሳይዘጋጅ ዘሎ ለሚገባ ሰው። ቼኮችም ይህን ጠመንጃ «ፍሊንታ» ይሉታል። ተስፋ የቆረጠ ቼክ «ፍሊንታውን አጃ ማሳ ውስጥ ይወረውራል»። እንግሊዙ በዚያ ቦታ የቦክሰኛ ፎጣ ይወረውራል፣ «ስሮው ኢን ዘ ታወል»። ቼኮችም ፎጣውን ያውቁታል፤ ማሳው ግን የራሳቸው ነው።

ተማሪ ሲሰለች አንድ ነገር እነግራለሁ። እንግሊዝኛው «ፒስቶል» እና «ሃዊትዘር» በጀርመንኛ በኩል ከቼክኛ የመጡ ናቸው። የቼኩ የሃይማኖት ሰባኪ ያን ሁስ በ1415 ከተቃጠለ በኋላ ተከታዮቹ ከ1419 እስከ 1434 ሲዋጉ፣ የእጅ ጠመንጃቸውን «ፒሽትያላ» ይሉት ነበር። ዋሽንት ማለት ነው። «ሆውፍኒትሴ» ደግሞ ሕዝብ የሚበዛበት ላይ የሚተኮስ መድፍ ነው፤ «ሆውፍ» መንጋ ነው። የጦር መሪያቸው አንድ ዓይናው ያን ዢዥካ በሠረገላ ምሽግ ላይ ጭኖ የፈረሰኛ ጦር የሰበረው በእነዚህ ነው።

ሮማዊው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ፒስቶል ከጣሊያኗ ፒስቶያ ከተማ ነው የሚባለው።

ያሬድ፦ ጣልያን ያልወሰደው ምን አለ? ማኪያቶም የኔ ነው ይላል።

ሮማዊው፦ ማኪያቶ የጣልያን አይደለም እንዴ?!

የብርኖዋ፦ ስሙ ነው የጣልያን፤ ቡናው የማን ሆነና!

መልስ፦ ቡናችሁን ሌላ ቦታ ጠጡ። ፒስቶያ የሚለው አለ፣ አውቀዋለሁ። አብዛኞቹ መዝገበ ቃላት ግን ቼክኛውን ነው የሚይዙት፤ እኔም እሱን።

እንግዳ፦ «ስሮው ኢን ዘ ታወል» ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

ሄለን፦ «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» በሕይወት የተቀበሩ ሰዎች ከሣጥን ውስጥ ከሚደውሉት ደወል የመጣ ነው አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ተረት ነው። የቦክስ ደወል ነው። በ1867ቱ የኩዊንስቤሪ የቦክስ ደንብ ዙሩ ሦስት ደቂቃ፣ ዕረፍቱ አንድ ደቂቃ ሆነ። ሊዘረር ሲል ደወል የተደወለለት ተረፈ፣ አለቀ።

እንግዳ፦ ጋሼ፣ የቼክ ቪዛ በስንት ቀን ይደርሳል?

መልስ፦ ኤምባሲ።

የብርኖዋ፦ የመጨረሻ። ባለቤቴ ቡድኑ ሲሸነፍ «እንደ ኽሉሜትስ ገበሬዎች ሆንን» ይላል። በእንግሊዝኛ «ዋተርሉ» ልበለው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በ1775 የቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል፣ ገበሬዎች በጭሰኝነት ግዴታ ላይ አመፁ፤ ኽሉሜትስ አጠገብ ወታደር በታተናቸው። ፈሊጡ ድምጥማጡ ለጠፋ ሁሉ ይሆናል፤ ትልቅ ሰው መሆን አያስፈልግም። «ሚት ዋንስ ዋተርሉ» ግን ናፖሊዮን ነው፣ 1815። ሲያሸንፍ ኖሮ በመጨረሻ አቻውን ላገኘ ሰው ነው የሚባለው። ሁልጊዜ የሚሸነፍ ቡድን ዋተርሉ የለውም። እና ቃል በቃል ተርጉመሽ «ገበሬዎች» ብትዪው እንግሊዝ አይገባውም፤ ስንቴ ልበል? ቡድኑ የሆኪ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን ማታ ምንም አትበዪው፤ ቼክ በሆኪ አይቀልድም።