ዋተርፎል ይሻላል ወይስ አጃይል? ለምትሉኝ ልጆች

ጥያቄያችሁ የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ። ዋተርፎል ሶፍትዌርን ጥናት፣ ንድፍ፣ ኮድ፣ ፍተሻ እያሉ ደረጃ በደረጃ ጨርሶ መሥራት ነው፤ አጃይል ደግሞ በትንንሽ ቁራጭ እየሠሩ፣ ለተጠቃሚው እያሳዩ ማሻሻል። የእኔ ትውልድ ዋተርፎልን ያስተማረው በሥዕል ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሣጥኖች። ሥዕሉ አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዊንስተን ሮይስ በፈረንጆቹ 1970 ካወጣው ጽሑፍ የመጣ ነው። ሮይስ ግን እዚያው ላይ፣ ፍተሻው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አካሄዱ አደገኛ ነው፣ ሥራው አዲስ ከሆነም ደንበኛው የሚረከበው ለሁለተኛ ጊዜ የተሠራውን ይሁን ብሎ ነበር። ሥዕሉን ይዘን ማስጠንቀቂያውን ጣልነው።

የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት ኤፍቢአይ ዋጋውን ከፍሏል። የምርመራ መዝገቡን ከወረቀት ለማላቀቅ የጀመረው ፕሮጀክት ከ800 ገጽ በላይ የሪኳየርመንት (ሲስተሙ ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ የሚዘረዝር) ሰነድ ነበረው፤ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በ2005 ተጣለ። ተተኪው ሴንቲኔል በ2006 በአራት ምዕራፍ ተጀመረ። እስከ ኦገስት 2010 ከ451 ሚሊዮን ዶላር በጀቱ 405ቱ አልቆ የተገኘው የሁለት ምዕራፍ ሥራ ብቻ ነበር። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ራሱ ያዘ፤ ስፕሪንት በሚባሉ የሁለት የሁለት ሳምንት አጭር የሥራ ዙሮች ቆራርጦ በጁላይ 2012 ለሠራተኞቹ ከፈተው። ያም ሆኖ በኦክቶበር 2011 ሙከራ ሲስተሙ ሁለቴ ቆሟል፤ ሃርድዌሩ ጭነቱን አልቻለም። የጭነት ፍተሻን ስፕሪንት አይተካውም።

ሰነድ የሚያመልጠውን ከቤታችን ልንገራችሁ። «በስም ይፈልጋል» ተብሎ አንድ መስመር ይጻፋል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ሲባል እንደሚጠፋ የሚታወቀው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ኪቦርዱ ላይ ስትቀመጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከተደረሰበት ሀን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን አንድ የምታደርግ ትንሽ ኮድ ትበቃለች። በአሥረኛው ወር ከሆነ ግን በሁለት ፊደል ሁለቴ የተመዘገበውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ማጣራት ነው።

እናንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት 15 ደቂቃ ቆሞ ማውራትን አጃይል ትሉታላችሁ። ቁም ነገሩ ግን ሥራው በስፕሪንቱ ማለቁ ነው፦ «90 በመቶ ደርሷል» የተባለ ሥራ አላለቀም፤ ወደ ባክሎግ (ገና ወዳልተሠሩ ሥራዎች ዝርዝር) ይመለስ።

ይህን ብዬም፣ ከባንክ ጋር ለሚገናኝ ሲስተምና ዳታን ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ ለማዛወር ወፍራሙን ሰነድ እመርጣለሁ። ሲስተሞቹ የሚለዋወጡትን መልእክት ቅርጽ የወሰነው ሌላ ወገን ነው፣ እናንተ አታሻሽሉትም። ማዛወሩም በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃ ከነመመለሻው ተጽፎ ቢያንስ ሁለቴ ይለማመዱታል።

በቁርጥ ዋጋ ጨረታ ከገባችሁ ክፍያውን ከሰነድ መጽደቅ ጋር አታስሩት። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንድ መዝገብ ከፍታ፣ ወደሚመለከተው ክፍል መርታ፣ እስክትዘጋ ያለማንም እርዳታ የጨረሰችበት ቀን የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ይሁን።