አፕሊኬሽኑን ክፈቱ፣ ሜትሩን ግን አትርሱ

ልጆቼ፣

ወደ ሥራ ደህንነት ሙያ የምትገቡት በጥሩ ጊዜ ነው። ዕቃ የሚያነሳ ሠራተኛ ወገቡ ምን ያህል አደጋ ላይ እንዳለ ለማስላት እኛ ወረቀት፣ ካልኩሌተርና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቀን ነበር። እናንተ ስልካችሁ ላይ ዌብ አፕሊኬሽን ከፍታችሁ ጥቂት ቁጥሮች ታስገባላችሁ፤ ወዲያው አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይመጣላችኋል። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ደስ ይለኛል። የምፈራው ቀለሙን ብቻ አይታችሁ እንዳትሄዱ ነው።

ብዙዎቹ አፕሊኬሽኖች ከጀርባቸው ያለው የናዮሽ ቀመር ነው። ናዮሽ የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ነው። ቀመሩ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ፣ በ1991 ተሻሻለ። መነሻው 23 ኪሎ ነው፤ ይህም ሁሉም ነገር ሲመቻች ነው። ዕቃው ከሰውነት ሲርቅ፣ በጣም ዝቅ ወይም ከፍ ሲል፣ ሠራተኛው ሲጠማዘዝ፣ ሥራው ሲደጋገም፣ መያዣው ሲያስቸግር 23ቱ እየተቆረጠ ይሄዳል። የተረፈው የሚመከረው የክብደት ገደብ ነው። የዕቃውን ክብደት ለዚህ ገደብ አካፍሉት። ውጤቱ ከ1 ካለፈ ሥራው ይታይ ማለት ነው።

እስቲ አንድ እንሥራ። 15 ኪሎ ካርቶን ነው፣ ጥሩ እጀታ አለው። እጅ የሚይዘው ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የሚያርፈው 75 ላይ። መሀል ላይ የሚከለክል ነገር ስላለ ካርቶኑ ከሰውነት 50 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። በደቂቃ አንዴ፣ ቀኑን ሙሉ። ውጤቱ 2.4 ገደማ ይመጣል፤ ቀይ ነው። ሁሉም ሰው ቶሎ የሚለው ምንድን ነው? «ክብደቱን ቀንሱት!» እሺ፣ 12 ኪሎ አድርጉት። አሁንም 1.9 ነው። ይልቅ 15 ኪሎውን ሳትነኩ ካርቶኑን 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ የሚከለክለውን አንሱና ወደ 35 አቅርቡት። 1.2 ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ 12 ኪሎ ብታወርዱት ከ1 በታች ይገባል። የአፕሊኬሽኑ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፦ ነገሩን እየቀያየራችሁ የትኛው ለውጥ እንደሚያዋጣ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ግን አንዴ አስልቶ ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ሜትሩ እንምጣ። ርቀቱ የሚለካው ከሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች መሀል እጆቹ እስካሉበት መሀል ነው። ከሆድ አይደለም፣ ከእግር ጣት ጫፍም አይደለም። በዓይን የገመተ ሰው 35ን 50 ቢል ውጤቱ ሌላ ነው። አንዳንድ አፕሊኬሽን ባዶ የተተወውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምቹውን ቁጥር ነው። መጠማዘዝ ዜሮ፣ መያዣ ጥሩ! እንዲህ ያለ አረንጓዴ ምንም አይነግራችሁም። ኪሎና ፓውንድ፣ ሳንቲ ሜትርና ኢንችም ይምታታሉ፤ እዩት። ዕቃው የሚያርፍበትንም ለኩ። ሠራተኛው ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ የሚያስቀምጠው ከሆነ ለማረፊያው ለብቻ ይሰላል፤ አንዳንዴ የባሰው እሱ ነው።

ደግሞ ሠራተኛውን ጠይቁት። አለቃው በደቂቃ አንድ ይላችኋል። ሠራተኛው ግን መኪና ሲገባ ስንት እንደሚሆን ያውቃል። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ንገሩት። ሰው ሲቀረጽ ጉልበቱን አጥፎ ቀጥ ብሎ ማንሳት ይጀምራል፣ እናንተም የማይሠራውን ሥራ ትለካላችሁ።

ቀመሩ ለሁሉም አይሆንም። በአንድ እጅ ለማንሳት፣ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ ለሚሠራ፣ በአካፋ ለሚዝቅ፣ በሚያዳልጥ ወለል ላይ አይሠራም። ለመግፋትና ለመጎተት አይሶ 11228 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሁለተኛ ክፍል አለ። ለአቀማመጥና ለአቋቋም ሬባ እና ሩላ የሚባሉ መመዘኛዎች አሉ። አፕሊኬሽኑ ግን አይከለክላችሁም፤ ቁጥር ካስገባችሁለት ቁጥር ይመልሳል።

ሪፖርት ስትጽፉ ቀይ ቀለም ብቻ ይዛችሁ አለቃ ቢሮ አትግቡ። አሁን 2.4 ነው፣ ክብደት ብቻ ብንቀንስ 1.9፣ ጠረጴዛ ብንገዛና ብናቀርበው 1.2 ብላችሁ ደርድሩለት። እንዲህ ሲቀርብለት «የአነሳስ ሥልጠና እንስጣቸው» ብሎ ለመገላገል ይከብደዋል። ካለም ቀመሩን አሳዩት፤ ሥልጠና የሚገባበት ቦታ የለውም።